እሳት የበላው መድረክ፥ መዳብ የጠበቀው ሥዕል

ሰው በእጁ ከሚሠራው ሥራ አንዳንዱ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ታስቦ ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን ለአንድ ምሽት ብቻ ይሠራል። ድንጋይ ጠርቦ ግንብ የሚያቆም ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ትውልድ ያስባል። ሸራ ወጥሮ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ለቴአትር መድረክ ቤተ መንግሥትና ዱር የሚሥል ሰው ግን የሚያስበው መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ግንቡ ቢፈርስ እንኳ ፍርስራሹ ይቀራል፤ የመድረኩ ሸራ ግን ሲያረጅ ይቀደዳል፣ ወይም ሌላ ሥዕል ይሣልበታል፣ ወይም ይቃጠላል።

ይሁን እንጂ በ18ኛው ምእት ዓመት በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ ቴአትር ቤት ተሰቅለው የነበሩትን የመድረክ ሥዕሎች ዛሬ መልካቸውን ለማየት እንችላለን። ሸራውም እንጨቱም ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበሩ ጥበበኞች መልኩን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጸው፣ በወረቀት አትመው ስለ ተዉልን ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነና ምን እንደሚያስተምረን በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአምስተርዳም ቴአትር ቤት ካይዘርስግራኽት በሚባለው የውሃ ቦይ ዳር፣ ያዕቆብ ፋን ካምፐን በሚባል መሐንዲስ ዕቅድ በ1637 ተሠራ። ለመክፈቻው የተመረጠው ዮስት ፋን ደን ፎንደል የሚባለው ታላቅ ባለቅኔ ስለ ከተማይቱ የጥንት ውድቀት የጻፈው ተውኔት ነበረ። በተውኔቱ ውስጥ የካቶሊካውያን ሥርዐተ ጸሎት ይታይ ስለ ነበረ፣ የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ የከተማው ካህናት ተቃወሙ። በዚህ ምክንያት መክፈቻው ጥቂት ቀን ዘግይቶ ጃንዋሪ 3 ቀን 1638 ሆነ። ካህናቱና ቴአትር ቤቱ በዚያው ቀን የጀመሩት ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ኖረ።

ይህን ቤት ከብዙዎቹ የኤውሮጳ ቴአትር ቤቶች ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ትርፉ የሚገባው ለንጉሥ ወይም ለነጋዴ ሳይሆን ለድኾች ነበረ። ከገቢው ሁለት ሦስተኛው ለከተማው የሙት ልጆች ማሳደጊያ፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ለሽማግሌዎች መጦሪያ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ አንዱ ወገን ቴአትር ነፍስን ያጠፋል ሲል፣ ሌላው ወገን ቴአትር የሙት ልጅን ያበላል ብሎ ይመልስለት ነበር። ሁለቱም የሚናገሩበት ምክንያት ስለ ነበራቸው ነገሩ በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቤት መድረኩ አይለወጥም ነበር። ፊቱ እንደ ቤተ መንግሥት ግንብ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ዓምዶችና ሰገነት ነበሩት፤ ተመልካቹ ቦታው አንድ ጊዜ አደባባይ፣ አንድ ጊዜ እልፍኝ ነው ብሎ በልቡናው ማሰብ ነበረበት። ሰሎሞን ሳፈሪ የሚባል ቀራጭ በ1658 የዚህን መድረክና የተመልካቹን ስፍራ መልክ በመዳብ ቀርጾ አውጥቷል። ቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሶ እንደ ገና በመሠራቱ፣ የፊተኛውን መድረክ መልክ የሚነግሩን ዋነኞቹ ምስክሮች የሳፈሪ ሥዕሎች ናቸው። መዳቡ ሥራውን የጀመረው እንግዲህ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ነው።

በ1665 ቤቱ ሰፍቶ በኢጣልያ ሥርዐት በተሠራ ጊዜ መድረኩ ተለዋዋጭ ሆነ። የአሠራሩም ዘዴ እንደሚከተለው ነው። በመድረኩ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ በእንጨት ላይ የተወጠሩ የሸራ ሰሌዳዎች ይቆማሉ፤ በስተኋላ ጠቅላላውን የሚዘጋ ታላቅ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከላይ ደግሞ ሰማይ ወይም ጣሪያ የተሣለባቸው አጫጭር ሸራዎች ይንጠለጠላሉ። ሰሌዳዎቹ በወለሉ ላይ በተቦረቦረ መንገድ እየተንሸራተቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ስለዚህ ተመልካቹ እያየ ዱሩ ይሄድና በስፍራው ወህኒ ቤት ይተካል።

ለእያንዳንዱ ተውኔት አዲስ ሥዕል አይሠራም ነበር። ቤቱ ጥቂት የታወቁ ትዕይንቶች ነበሩት፤ እነርሱም የቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ ዱር፣ የአትክልት ስፍራ፣ ወህኒ ቤት፣ የከተማ መንገድ፣ የባለጠጋ እልፍኝና የገበሬ ጎጆ ናቸው። የሮማ ንጉሥም የፋርስ ንጉሥም በዚያው አዳራሽ ይነግሡ ነበር። ተመልካቹ እያንዳንዱን ሥዕል እንደ ጎረቤቱ ቤት ያውቀው ስለ ነበረ፣ መጋረጃው እንደ ተገለጠ ነገሩ የሐዘን ይሁን የሣቅ አስቀድሞ ይረዳው ነበር።

እነዚህን ሥዕሎች እውነተኛ የሚያስመስላቸው የርቀት ሥዕል ሕግ ነው። በዓይናችን ፊት የራቀ ነገር ትንሽ፣ የቀረበ ነገር ትልቅ ሆኖ እንደሚታይ፣ ሠዓሊውም የዓምዶቹን መሥመር ወደ አንዲት ነጥብ እየሰበሰበ ጥቂት ክንድ የሆነውን መድረክ እንደ ረጅም መንገድ ያስመስለዋል። ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። ተዋናዩ ወደ ኋላው መጋረጃ ከተጠጋ ከተሣለው ቤት ይበልጥና ነገሩ ሣቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ቀርቦ መጫወት አለበት። ደግሞም መሥመሩ ሁሉ የሚገጥመው በመካከል ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። በጎን የተቀመጠው ግን ዓምዱ ተሰብሮ፣ በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት ተገልጦ፣ ጌጡን የሚገፉትን ሠራተኞች ጭምር ያያል።

የመዳብ ሥዕልን የሚቀርጽ ሰው ሥራም አስቸጋሪ ነው። የተወለወለውን የመዳብ ሰሌዳ በሰም መሰል ነገር ይቀባዋል፤ ከዚያም በመርፌ እየጫረ ሥዕሉን ይሥላል። ሰሌዳው ኃይለኛ አሲድ ሲፈስበት፣ አሲዱ መርፌው የገለጠውን ስፍራ ብቻ እየበላ መሥመሩን ያጐድጕደዋል። በኋላ ሰሙ ይነሣና ቀለም ተቀብቶ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በጐድጓዳው መሥመር ውስጥ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መዳመጫ መካከል ሲያልፍ ሥዕሉ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። በወረቀቱ ላይ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ቀራጩ ሁሉን ገልብጦ መሥራት ነበረበት። ከአንድ ሰሌዳ ግን ብዙ መቶ ወረቀት ይታተማል። አንድ ወረቀት ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል፤ አንድ ቤት ቢቃጠል በሌላ ቤት፣ በሌላም ከተማ ያለው ይቀራል። የኅትመት ኃይሉ በዚህ ነው።

እንግዲህ የመድረኩን ሥዕል የሚያሳዩት ኅትመቶች ምስክሮቻችን ናቸው ካልን፣ ምስክር ሁሉ እንደሚመረመር እነርሱንም መመርመር ይገባናል። በመጀመሪያ፣ ቀራጩ ሁልጊዜ የሚያስቀምጠን በመካከለኛውና በተመረጠው ወንበር ነው። የተሰበረውን ዓምድና በጎን የቆመውን ሠራተኛ አያሳየንም። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ጥላና ብርሃኑን እንደ ቀን ብርሃን አድርገው ያሳያሉ፤ እውነተኛው መድረክ ግን በሻማና በቅባት መብራት ስለሚበራ ጭስ የሞላበትና ጥግ ጥጉ የጨለመ ነበረ። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ሥዕል መድረክ መሆኑን ጨርሶ ይሰውራል።

ለዚህ ለመጨረሻው ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኮርኔሊስ ትሮስት ነው። ይህ ሰው ከ1696 እስከ 1750 የኖረ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በዚያው ቴአትር ቤት ተዋናይ ነበረ፤ በኋላ ተዋናይነቱን ትቶ ሠዓሊ ሆነ፣ ለመድረኩም ጌጥ ሠራ። ከተውኔት የወሰዳቸውን ነገሮች ሲሥል ግን ተዋናዮቹን በእውነተኛ እልፍኝና በእውነተኛ መንገድ ላይ እንደ ቆሙ አድርጎ ያሳያቸዋል እንጂ ወለሉን፣ ሰሌዳውን፣ መብራቱን አያሳይም። ከሥዕሎቹ አያሌዎቹ በመዳብ ተቀርጸው ተሰራጭተዋል። እነዚህን የሚያይ ሰው የተዋናዩን ልብስና የእጁን ምልክት ይማርባቸዋል፤ ስለ መድረኩ ግን ቢጠይቃቸው አይመልሱለትም። ታሪክ መርማሪ ከምስክሩ ሊጠይቅ የሚገባውንና የማይገባውን ማወቅ አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

የተሻለው ምስክር አንዳንድ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ሲል የተቀረጸው ሥዕል ነው። በ1768 የሆላንድ ገዥ የነበረው አምስተኛው ዊለም ከሚስቱ ከዊልሄልሚና ጋራ አምስተርዳምን በጐበኘ ጊዜ ወደ ቴአትር ቤቱ ገብቶ ነበር። በዚያ በዓል ምክንያት የተቀረጹት ሥዕሎች ዓላማቸው ልዑሉን ማክበር ነበረ። እኛ ግን ዛሬ ከልዑሉ ይልቅ የሰገነቱን ተራ፣ የተንጠለጠለውን መብራትና የተመልካቹን አቀማመጥ እንማርባቸዋለን። ቀራጩ ትልቁን ሰው ለማሳየት ሲደክም ትንሹን ነገር ሳያስበው ጠበቀልን።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ስሙ ያን ፑንት ይባላል። በአምስተርዳም በ1711 ተወለደ። ሁለት ሙያ ነበረው፤ በአንድ በኩል የመዳብ ሥዕል ቀራጭ፣ በሌላ በኩል በዘመኑ እጅግ የታወቀ የሐዘን ተውኔት ተዋናይ ነበረ። ሚስቱም ተዋናይት ነበረችና በ1744 በሞተችበት ጊዜ መድረኩን ትቶ ወደ መርፌውና ወደ መዳቡ ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላ ግን እንደ ገና ወደ መድረክ ወጣ። በመጨረሻም የቴአትር ቤቱ ጠባቂ ሆኖ ተሾመና በዚያው በቴአትር ቤቱ መኖሪያ ተሰጠው።

ይህ ሰው መድረኩን በተወበት ጊዜ ከሠራቸው ሥራዎች ታላቁ ስለ ቴአትር ሳይሆን ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው። ፒተር ፓውል ሩበንስ የሚባለው ስመ ጥሩ ሠዓሊ በ1620 በአንትወርፕ ከተማ ለሚገኘው ለኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ 39 ሥዕሎች ለመሥራት ተዋዋለ። ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን የተወጣጡ ታሪኮችና የቅዱሳን ሥዕሎች በየተራቸው ጣሪያውን ሸፈኑት፤ ሰዎችም ከሩቅ አገር እየመጡ ያደንቁት ነበር። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ ጁላይ 18 ቀን 1718፣ መብረቅ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ወደቀ፤ ሥዕሎቹም ሁሉ ተቃጠሉ።

ነገር ግን ከመብረቁ ስድስትና ሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ያዕቆብ ደ ዊት የሚባል፣ ገና ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው የአምስተርዳም ልጅ በአንትወርፕ ሥዕል ይማር ነበር። ይህ ተማሪ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አንገቱን ወደ ላይ ቀንቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ገልብጦ ወሰዳቸው። መብረቅ እንደሚመጣ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ የሠራው እጁን ለማስለመድ ነው። ሥዕሎቹ ከጠፉ በኋላ ግን የተማሪው ወረቀት ዋጋው በዛ። ያን ፑንት እነዚህን የደ ዊትን ንድፎች በመዳብ ቀርጾ በ1751 በአምስተርዳም በመጽሐፍ መልክ አወጣቸው። ስለዚህ የሩበንስን ጣሪያ ከሚያሳውቁን ዋነኞቹ ምስክሮች መካከል አንድ ተማሪ የገለበጠውና አንድ ተዋናይ የቀረጸው ሥራ ይገኛሉ።

እንግዲህ እሳት የበላውን የሌላውን ቤት መልክ ያዳነው ይህ ሰው የራሱ ቤት ዕጣ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሜይ 11 ቀን 1772 በአምስተርዳም ቴአትር ቤት ከፍላንደርስ የመጣ፣ ኔይትስ የሚባል ሰው የሚመራው ማኅበር ከሠራዊት ስለ ከዳ ወታደር የሚናገር በዜማ የሚጫወት ተውኔት ያሳይ ነበር። በጨዋታው መካከል ከመድረኩ መብራት የተነሣ እሳት ጌጡን ያዘው። ሸራው የቀለምና የሙጫ ብዛት ያደረቀው፣ እንጨቱም ከመቶ ዓመት በላይ የሻማ ሙቀት የጠገበ ነበረ። ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ላይኛው ሸራ እሳቱ እንደ ሰው ተራምዶ ወጣ። ተመልካቹ በጠባቡ መውጫ ተጋፋ። ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ቤቱም ጨርሶ ተቃጠለ።

አምስተርዳም በእሳት ማጥፊያ መሣሪያ በኤውሮጳ የታወቀች ከተማ ነበረች። ከመቶ ዓመት በፊት ያን ፋን ደር ሄይደን የሚባል ሠዓሊ፣ ውሃን በቆዳ ቱቦ የሚረጭ መሣሪያ ፈልስፎ፣ አሠራሩንም በመዳብ በተቀረጹ ሥዕሎች በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ጎረቤቱን ቤት ለማዳን ከመታገል በቀር ለቴአትር ቤቱ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም።

ያን ፑንት በቤቱ የነበረውን ንብረቱን በዚህ እሳት አጣ። የሚኖርበትን ቤት፣ የሚጠብቀውን ሹመትና የሚጫወትበትን መድረክ በአንድ ሌሊት አጥቶ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሆኖ ወደ ሮተርዳም ሄዶ እንጀራውን መፈለግ ግድ ሆነበት። በኋላ ወደ አምስተርዳም ተመልሶ በ1779 ሞተ።

እሳቱ ገና ሳይበርድ ሁለት ዓይነት ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያው የቀራጮች ሥራ ነው። ሲሞን ፎከ የሚባለው ቀራጭና ሌሎችም እሳቱ በመድረኩ ላይ ሲነሣ፣ ሕዝቡ ሲሸሽ፣ ቤቱም ፍርስራሽ ሆኖ ሲቀር የሚያሳዩ ሥዕሎችን አወጡ። የተቃጠለው መድረክ መልክ ከነእሳቱ በአንድ ወረቀት ላይ ታተመ። ሁለተኛው የጸሐፊዎችና የሰባክያን ሥራ ነው። አንዱ ወገን ይህ እሳት በቴአትር ላይ የወረደ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ወገን የሞቱት ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም፣ ቤቱም የሙት ልጆችን የሚያበላ ነበረ ብሎ መለሰ። ብዙ ትንንሽ መጻሕፍት በዚህ ክርክር ታተሙ።

በዚህ ክርክር ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ነገር ማመልከት ይገባል። መብረቅ የወደቀበት የአንትወርፕ ጣሪያ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነበረ፤ በሻማ የተያያዘው የአምስተርዳም ቤት ደግሞ የቴአትር ቤት ነበረ። እሳቱ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። ከእሳት በኋላ የሚደረገውን ክርክር ሰው ፈጥኖ ይጀምረዋል፤ ከእሳት በፊት ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ስለ ሙት ልጆቹና ስለ ሽማግሌዎቹ ሲባል ከተማይቱ ቴአትር ቤቱን ሳትሠራ አልቀረችም። አዲሱ ቤት ላይደን አደባባይ በሚባለው ስፍራ ተሠርቶ በ1774 ተከፈተ። የጌጡ ሸራ ሁሉ በመቃጠሉ አዳራሹም፣ ዱሩም፣ ወህኒ ቤቱም እንደ ገና መሣል ነበረበት፤ ከሠሩትም ሠዓልያን ፒተር ባርቢየርስና ዩሪያን አንድሪሰን ይገኙበታል። የአዲሱ መድረክ ትዕይንቶችም በመዳብ ተቀርጸው ታተሙ። አንዲት ከተማ ጌጧ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ያየች እንደ ሆነ፣ አዲሱን ጌጥ በወረቀት ጭምር ለማኖር መፈለጓ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህም ቤት በበኩሉ በፌብሩዋሪ 1890 ተቃጠለ፤ በስፍራው በ1894 የተከፈተው ግንብ እስካሁን ቆሟል። አሮጌው ቤት የነበረበት የካይዘርስግራኽት ስፍራ ደግሞ የካቶሊካውያን ድኾች መርጃ ቤት ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ሆቴል ነው። ከፋን ካምፐን ሥራ በዚያ የቀረው የድንጋይ በሩ ብቻ ነው። በበሩ የሚያልፍ ሰው ግቢውን ያያል እንጂ መድረኩን አያይም። መድረኩን ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሥዕል ማኅደር ሄዶ ወረቀቱን መግለጥ አለበት።

በዚያም ወረቀት ላይ ዱሩ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ወህኒ ቤቱ ብረቱ ሳይዝግ፣ አዳራሹም ዓምዱ ሳይሰበር ይገኛሉ። ሠዓሊው ለአንድ ምሽት ያሰበው ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። ያኖረው ግን የሸራው ብርታት አይደለም፤ ነገሩ ገና ቆሞ ሳለ ልብ ብሎ ያየ፣ አይቶም የገለበጠ ሰው መኖሩ ነው። ያዕቆብ ደ ዊት ጣሪያው ሲቃጠል ሊገለብጥ ቢመጣ ኖሮ የሚያገኘው አመድ ነበረ። በየዘመኑ ሰዎች አጠገባቸው የቆመውን ነገር ሁልጊዜ የሚኖር መስሏቸው ሳይጽፉት፣ ሳይሥሉት ያልፋሉ፤ በጠፋም ጊዜ መልኩ እንዴት ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄውን የሚመልስ ሰው የሚገኘው አስቀድሞ ሰሌዳውን ያዘጋጀ፣ መርፌውንም የሳለ ሰው ባለበት አገር ብቻ ነው።